ከሞት በፊት የሚደርስ እድር

ዛሬ ሆስፒስ ለሚባለው አገልግሎት የመጀመሪያውን መዋጮ ያወጣው ሰው ባለጸጋ አልነበረም። ለንደን ከተማ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረ ስደተኛ ነው። ዳቪድ ታስማ ይባላል፤ ከዋርሳው የመጣ ፖላንዳዊ አይሁድ ነበር። በ40 ዓመቱ የማይድን ካንሰር ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ በከተማው ቤተሰብ የሚለው ሰው አልነበረውም። አዘውትረው ይጠይቁት የነበሩት ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ የሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበሩ። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ሁለቱ ደጋግመው ያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ መዳን የማይችል ሰው የመጨረሻ ቀኖቹን ሳይሠቃይ፣ ሰውነቱ ሳይዋረድ የሚያሳልፍበት ቦታ ምን ዓይነት ነው? ታስማ በ1948 መጀመሪያ ላይ አረፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 500 ፓውንድ ለሳንደርስ ተናዞላቸው ነበር፤ ወደፊት በሚሠሩት ቤት ውስጥ አንዲት መስኮት እንደሚሆን ነግሯቸዋል። በመስኮቷ ዙሪያ ቤቱን ለማቆም 19 ዓመት ፈጀ።

ይህ ታሪክ በውጭ ሀገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ከተራ ዕውቀት ያለፈ ፋይዳ አለው። የስደቱ ትውልድ እያረጀ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል አልፈው አሜሪካና አውሮፓ የገቡት ወጣቶች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። ሐኪሙ አንድ ቀን ቤተሰቡን ሰብስቦ «ሆስፒስ» የሚለውን ቃል ሲያነሳ፣ ቃሉ በብዙ ሐበሻ ጆሮ «ተስፋ ቆርጠናል፤ ውሰዱልን» ተብሎ ነው የሚሰማው። አንዳንዱ ሰው የሚጣልበት ቤት ይመስለዋል፤ ሌላው መርፌ ወግተው የሚገላግሉበት። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። አመጣጡን ለተከተለ ሰው ሆስፒስ ከሆስፒታል ይልቅ ለእድር ይቀርባል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን እንግዳንም እንግዳ ተቀባይንም ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ወደ ቅዱሳት ቦታዎች የሚጓዙ ተሳላሚዎች የሚያድሩባቸው፣ መንገድ ላይ የታመመም የሚታገዝባቸው ቤቶች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ስሙ ለሞት ለተቃረቡ ሕሙማን ማረፊያ የተሰጠው ዘግይቶ ነው። በ1840ዎቹ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ባላቸውና ልጆቻቸው የሞቱባቸው ዣን ጋርኒዬ የተባሉ ሴት እንደሳቸው ባል የሞተባቸውን ሴቶች አሰባስበው ጠያቂ ለሌላቸው ሕሙማን ቤት ከፈቱ። በ1879 በደብሊን፣ በ1905 ደግሞ በምሥራቅ ለንደን ሃክኒ በተባለው የድሆች ሰፈር የአየርላንድ ካቶሊካውያን ደናግል ተመሳሳይ ቤቶችን አቋቋሙ። በእነዚህ ቤቶች ፍቅርና ጸሎት ሞልቷል። የጎደለው ሕመምን የማስታገስ የሕክምና ዕውቀት ነበር።

ያንን ጉድለት የሞሉት ሳንደርስ ናቸው። መጀመሪያ ነርስ ነበሩ፤ የጀርባ ሕመም ከሥራው ቢያስወጣቸው ወደ ማኅበራዊ አገልግሎት ዞሩ። ሕሙማኑን ለመርዳት አስበው አንድ ቀዶ ሐኪም ቢያማክሩ፣ በሞት አፋፍ ያለውን ሰው የሚሸሹት ሐኪሞች ናቸውና ሄደሽ ሕክምና ተማሪ አሏቸው። በ1951፣ በ33 ዓመታቸው፣ የሕክምና ትምህርት ጀመሩ፤ በ1957 ሐኪም ሆኑ። ከ1958 ጀምሮ ሃክኒ ባለው በደናግሉ ቤት ሠሩ።

በዚያን ጊዜ በሆስፒታሎች የነበረው ልማድ ጨካኝ ነበር። ሞርፊን የሚሰጠው በሽተኛው ሲጮህ ነው። ሱስ ይይዘዋል፣ መጠኑም እየጨመረ መመለሻ ያጣል ተብሎ ስለሚፈራ በሽተኛው መለመን ነበረበት። ሳንደርስ ነገሩን ገለበጡት። መድኃኒቱ በአፍ፣ ሰዓት ተቆጥሮ፣ የፊተኛው ጉልበቱ ሳያልቅ እንዲሰጥ አደረጉ። ውጤቱን ሰው በዓይኑ አየው፦ ሲያቃስት የከረመው ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ይመገባል፣ ኑዛዜውን ይጽፋል፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ይታረቃል። ከ1,000 በላይ ሕሙማንን መዝግበው ሲያጠኑም የተፈራው ሱስ አልተገኘም። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል፤ ዛሬም ቢሆን በብዙ የሐበሻ ቤት ሞርፊን ሲጠራ «ቶሎ ሊገሉት ነው» የሚለው ሹክሹክታ ይነሳል። በሕመሙ ልክ ተመጥኖ የሚሰጥ ሞርፊን የሚወስደው ሥቃዩን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ሳንደርስ ሌላም ነገር አስተምረዋል። የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብም፣ የቤተሰብም፣ የነፍስም ነው አሉ፤ ይህንንም «ሁለንተናዊ ሕመም» ብለው ሰየሙት። ልጆቹን ሀገር ቤት ትቶ የመጣ አባት፣ የቤት ኪራዩ ያልተከፈለ፣ የነፍስ አባቱን ያላገኘ ሰው በሞርፊን ብቻ እንቅልፍ አይወስደውም። ሆስፒስ ከነርስና ከሐኪም ጋር የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛና የሃይማኖት አባት አንድ ላይ የሚያሰማራው ከዚህ አስተሳሰብ ተነስቶ ነው።

የሳንደርስ ቤት በመንገደኞች ጠባቂ በቅዱስ ክሪስቶፈር ስም በደቡብ ምሥራቅ ለንደን በ1967 ተከፈተ። ሕሙማንን መንከባከብ፣ ማስተማርና መመራመር በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙበት የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆስፒስ የሚባለው ይህ ነው። በ1969 ነርሶቹ ከግቢው ወጥተው ሕሙማንን በየቤታቸው መጠየቅ ጀመሩ። ሳንደርስ በ2005 ያረፉት እዚያው ባቋቋሙት ቤት ነው።

ዛሬ በብሪታንያ ከ200 በላይ ሆስፒሶች አሉ። አገልግሎቱ ለሕሙማን በነጻ ነው፤ ይሁን እንጂ የአዋቂዎቹ ሆስፒሶች ከመንግሥት የሚያገኙት በአማካይ የወጪያቸውን ሲሶ ያህል ነው። ቀሪው ከሕዝብ ይመጣል፦ ከኑዛዜ፣ ከሩጫ ውድድር፣ ያገለገለ ልብስና ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች። ለንደን በገባ በመጀመሪያው ክረምት ከእነዚህ ሱቆች በአምስት ፓውንድ ካፖርት የገዛ ሐበሻ፣ ሳያውቀው ለአንድ በሽተኛ ሌሊት መዋጮ አድርጓል ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ ሐሳቡ የተሻገረው በነርሶች በኩል ነው። ሳንደርስ በ1963 ዬል ዩኒቨርሲቲ ተጋብዘው ሲናገሩ፣ የነርሶች ትምህርት ቤቱ ዲን ፍሎረንስ ዋልድ አዳመጧቸው። ዋልድ የዲንነቱን ሥልጣን ትተው ለንደን ድረስ ሄደው ሥራውን ተማሩ፤ በ1974ም ከባልደረቦቻቸው ጋር በኮኔክቲከት የሀገሪቱን የመጀመሪያ ሆስፒስ ጀመሩ። ሕንጻ አልነበረውም፤ በየሰው ቤት እየሄዱ ነው የሠሩት። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በየከተማው የተነሱት ሆስፒሶች አብዛኞቹ ደመወዝ የሌላቸው የበጎ ፈቃደኞች ስብስቦች ነበሩ። (ዋልድ ከዘመናት በኋላ፣ በስተርጅናቸው፣ እስረኞች የሚሞቱ እስረኞችን እንዲያስታምሙ በወህኒ ቤቶች ውስጥ ሆስፒስ እንዲቋቋም ደከሙ። ስማቸው ከዚህ የበለጠ መታወቅ የሚገባው ሴት ናቸው።)

በ1982 ኮንግረስ ሜዲኬር የሆስፒስን ወጪ እንዲሸፍን ሕግ አወጣ፤ ሕጉ በ1986 ቋሚ ሆነ። ሁለት ሐኪሞች በሽታው በተለመደው መንገድ ከሄደ ሰውየው ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ብለው ከፈረሙ አገልግሎቱ ይፈቀዳል። ስድስት ወር አለፈ ተብሎ ግን ማንም አይባረርም፤ ሐኪም ድጋሚ ካረጋገጠ ይታደሳል። በሽተኛው ሐሳቡን ከለወጠም በማንኛውም ቀን ትቶ ወደ ሕክምናው መመለስ ይችላል። በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ የሚያስገርም አንቀጽ አለ፦ አንድ ሆስፒስ የሜዲኬር ገንዘብ ለመቀበል ከሕሙማን እንክብካቤ ሰዓቱ ቢያንስ 5 በመቶ የሚሆነው በበጎ ፈቃደኞች መሸፈን አለበት። ሥራው ከየት እንደመጣ እንዳይረሳ ሕግ አውጪዎቹ ቁራጭ ጎረቤትነት በሕግ አስቀርተውለታል ማለት ይቻላል።

አንቀጹ ያስፈለገበት ምክንያትም ታይቷል። የመንግሥት ገንዘብ ሲመጣ ነጋዴም ይመጣል፤ ዛሬ በአሜሪካ ካሉት ሆስፒሶች ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ለትርፍ የተቋቋሙ ናቸው። መልካም የሚሠሩ አሉባቸው፤ ከፈረሙ በኋላ ስልክ የማያነሱም አሉ። ስለዚህ ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል፦ በሌሊት ብንደውል ማን ይመጣል? ነርሷ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? አስተርጓሚ አላችሁ?

ሌላው በቅጡ ያልታወቀ ነገር ይህ ነው። ሆስፒስ አልጋውን፣ ኦክስጅኑንና መድኃኒቱን ቤት ድረስ ያመጣል፤ ነርስና ገላ የምታጥብ ረዳት ይልካል። ቀንና ሌሊት አልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ግን በተለመደው አሠራር አይልክም። ያ የቤተሰብ ድርሻ ተደርጎ ነው የተወሰደው። ሚስት ጠዋት ሆቴል፣ ማታ የአረጋውያን ቤት የምትሠራበት፣ ልጅ ታክሲ የሚነዳበት ቤት ይህን ከየት ያመጣል? በ2022 ከ1 ሚሊዮን 700 ሺሕ በላይ የሜዲኬር ተጠቃሚዎች በሆስፒስ ሥር አልፈዋል፤ ከእነዚህ ግማሾቹ የቆዩት ከሦስት ሳምንት ላነሰ ጊዜ ነው። ሰው የሚመጣው ዘግይቶ፣ ቤቱ ሁሉ ዝሎ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የመለሱት እንግሊዞችም አሜሪካኖችም አይደሉም፤ የደቡብ ሕንድ የኬረላ ሰዎች ናቸው። በዱባይ፣ በኩዌትና በሪያድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኬረላዎችን በሚገባ ያውቋቸዋል፤ በሱቁም በሆስፒታሉም አብረዋቸው ይሠራሉ። ዶክተር ራጃጎፓል፣ ዶክተር ሱሬሽ ኩማርና ጓደኞቻቸው በ1993 ኮዚኮድ ከተማ የሕመም ማስታገሻ ማኅበር መሠረቱ። ክሊኒኩ መልካም ሠራ፤ ችግሩ ድሃው በሽተኛ የአውቶቡስ መክፈያ ስለሌለው ለሁለተኛ ጊዜ አለመመለሱ ነበር። ሞርፊኑ ቢገኝም ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የለም፤ ልጆቹ ትምህርት አቋርጠዋል።

ስለዚህ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተለይ ማላፑራም በተባለው ወረዳ ነገሩን ለሰፈር ሰው አስረከቡት። መምህሩ፣ ባለሱቁ፣ ገበሬው፣ የቤት እመቤቷ አጭር ሥልጠና ይወስዳሉ፤ በየመንደሩ የተኛውን በሽተኛ ያውቁታልና ሄደው ይጠይቁታል፤ ያጥቡታል፣ የመኝታ ቁስል እንዳይዘው ያገላብጡታል፤ ሩዝ የጎደለበት ቤት ሩዝ ያደርሳሉ፣ የልጆቹን ደብተር ይገዛሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው የትንንሽ ሰዎች ትንንሽ መዋጮ ነው፤ በየሱቁ በተቀመጠ ሣጥን፣ ከተማሪዎች ኪስ፣ ከወር ወር በሚከፈል ጥቂት ሩፒ ይሰበሰባል። ወረዳው ልጆቹን ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ያስረከበ በመሆኑ ከዚያ የሚላክ ገንዘብም ገብቶበታል። ነርስና ሐኪም የሚቀጠሩት በዚህ ገንዘብ ነው፤ ማለትም ጌታው መንደሩ ነው፣ ሐኪሙ የመንደሩ ሠራተኛ። የኬረላ መንግሥት በ2008 ይህንኑ አሠራር የክልሉ ፖሊሲ አደረገው፤ ሰዎቹ ግን የመንግሥትን ፊት ሳያዩ ዓመታት ሠርተው ነበር።

አፍሪካም ባዶ አይደለችም። በ1993 ኡጋንዳ የገቡት እንግሊዛዊት ሐኪም አን ሜሪማን ለሦስት ወር ብቻ በሚበቃ ገንዘብ ሆስፒስ ጀምረው፣ ሞርፊን በዱቄት አስመጥተው ከውኃ ጋር እየበጠበጡ በጠርሙስ አደሉት። ኡጋንዳ በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች፤ በዚህም ከዓለም ቀዳሚ ሆነች።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ «ይኼማ እድር ነው» ቢል አይፈረድበትም። እድር በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች ያበጁት፣ ከጣልያን ወረራ ወዲህ በየከተማው የተስፋፋ ማኅበር ነው። መሠረቱ የስደተኛ ፍርሃት ነው፦ ከዘመድ ርቄ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው ሁሉ ለዚያች ቀን የተዘጋጀ ነው። ጥሩምባ የሚነፋውም ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ደንቡ ግን ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ኤድስ አዲስ አበባን ባጠቃበት ዘመን እድሮች በአንድ ወር ውስጥ ደጋግመው ድንኳን ሲተክሉ ካዝናቸው ተራቆተ። ያን ጊዜ፣ በተለይ ከ2000 ወዲህ፣ በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለውን በሽተኛ ወደ መጠየቅና ወደ መርዳት፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትንም ወደ መደገፍ ገቡ። ከየሰፈሩ የተመለመሉ ሰዎች ቤት ለቤት ሕሙማንን መንከባከብ ተማሩ። ቀባሪ የነበረው አስታማሚ ሆነ። ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን የተባሉ ነርስ ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ የመሠረቱትም በዚያው ዘመን በ2003 ነው፤ ነርሶቹ የካንሰርና የኤድስ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዱ ይጠይቃሉ።

ወደ ውጭ ሀገር የተሻገረው እድር ግን በአብዛኛው የድሮውን ደንብ ይዞ ነው የመጣው። አንድ ወገን ሲሞት አስከሬኑን ሀገር ለማስገባት በሺሕ የሚቆጠር ዶላር በጥቂት ቀን ይሰበሰባል፤ ምግብ ቤቱ ቆጣሪ ላይ ፎቶግራፍና ሣጥን ይቀመጣል፤ ለቅሶ ቤቱ ይሞላል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፤ ማንም አያቃልለው። ሆኖም ያው ሰው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ሚስቱ ከሥራ እንዳትቀር የሚተካት፣ ሾርባ ይዞ የሚመጣ፣ አንድ ሌሊት የሚያድርለት ሰው በስንት ልመና ነበር የተገኘው? ለአስከሬን ከሚወጣው ሲሶው እንኳ ለሕያው ቢመደብ ስንት ሌሊት ይገዛ እንደነበር የእድር ጸሐፊዎች ሊያሰሉት ይችላሉ።

በመሃል የሚቆም አንድ ከባድ ነገር አለ፤ እሱም መርዶ ነው። የአሜሪካ ሐኪም ለበሽተኛው ፊት ለፊት፣ ብቻውን ቢሆንም፣ «ካንሰር ነው፤ አይድንም» ብሎ ይነግራል፤ ለሐኪሙ ይህ የበሽተኛው መብት ነው። በሐበሻ ዘንድ ክፉ ወሬ ጊዜና ሰው ተመርጦለት፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ለበሽተኛ ለራሱ ደግሞ ጨርሶ ላይነገር ይችላል። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ዶክተር የውብዳር በየነ በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንኑ ለሐኪሞች አስረድተው ጽፈዋል፤ ለኢትዮጵያዊ ስደተኛ ክፉ ወሬ መጀመሪያ ለቅርብ ቤተሰብ ወይም ለወዳጅ መነገር እንዳለበት፣ ይህም ማታለል ሳይሆን ማክበር መሆኑን አሳይተዋል።

ሆስፒስ ለመግባት ግን በሽተኛው ወይም ወኪሉ መፈረም አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጨነቃል። አባት አልተነገራቸውም፤ ወረቀቱ ግን ሁሉንም ይናገራል። ልምድ ያላቸው የሆስፒስ ነርሶች የሚያደርጉት በሽተኛውን ራሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦ ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ከልጅዎ ጋር እንነጋገር? «ከልጄ ጋር ተነጋገሩ» ካሉ ይህም መብታቸው ነው፤ ልጃቸውን በጽሑፍ ወክለው ሊያስፈርሙ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አባት ያውቃሉ። ዝም የሚሉት ልጆቹ እንዳያለቅሱ ነው፤ ልጆቹም ዝም የሚሉት አባት እንዳይደነግጡ። ሁለቱም ወገን በየግድግዳው ማዶ ብቻውን ሲያለቅስ ከርሞ ኑዛዜ ሳይነገር፣ የነፍስ አባት ወይም ሼኽ ሳይጠራ፣ ወንድምና እኅት ሳይታረቁ ቀኑ ያልፋል። ቋንቋቸውን የሚያውቅ አንድ በጎ ፈቃደኛ በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር የሚፈጥረው ለውጥ ከመድኃኒት አይተናነስም። 5 በመቶውን ለመሙላት በጎ ፈቃደኛ የሚፈልጉት ሆስፒሶች ደግሞ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲመጣላቸው ደስ ብሏቸው ያሠለጥናሉ።

ሥራቸው በሞት ዕለት አያበቃም። ሕጉ ሆስፒስ ከቀብር በኋላም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሐዘንተኛውን እንዲከታተል ያዛል፤ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ይደውላሉ፣ ሐዘንተኞች የሚገናኙበትን ቀን ያሳውቃሉ። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው አልፎ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ ሥራው ከተመለሰ ከወራት በኋላ፣ ለሙት ዓመቱ ንፍሮ በሚቀቀልበት ሰሞን ስልኩ ይጮኻል። ደዋይዋ እንዴት ሰነበታችሁ ለማለት ነው የደወለችው።